የልብ ምት የሚያዛቡ መድኃኒቶች፦ የትኛው ለማን ይሻላል?

የምሠራው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ዳገቱን እያረፉ ወጥተው ገቡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። የያዙትን ፌስታል ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ላሲክስ አለ። ዲጎክሲን አለ። ሁለቱም ለቆየ የልብ ሕመማቸው የሚወስዷቸው ናቸው። ከሥር አዲስ ማዘዣ ወጣ፤ ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሲሲሊንና ኦሜፕራዞል። ሌላ ቦታ ደግሞ ለማቅለሽለሽ ዶምፔሪዶን ተጽፎላቸዋል።

ማዘዣዎቹ ሦስት ናቸው። የጻፏቸውም ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ወረቀት አላየም።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አብሮ ይዋጣል?» አሉኝ።

አይዋጥም ነበር። ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲን በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ዶምፔሪዶንና ክላሪትሮማይሲን ጭራሽ አብረው መሰጠት የለባቸውም። ላሲክስ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ የቀሩት ሁሉ ልብ ላይ ይከብዳሉ። እያንዳንዱ ማዘዣ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ጉዳቱ ድምሩ ላይ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ይቀመጡ» ብዬ ማዘዣው ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ሐኪሙ አመስግኖ ቀየረላቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር በጽሑፍ ላስቀምጠው ስል ቆየሁ። ስለ አንድ ኩባንያ መድኃኒት አላወራም። ለአንድ ዓይነት ሕመም ሁለትና ሦስት አማራጭ ሲኖር፣ ከልብ ምት አንጻር የቱ ይሻላል የሚለውን ነው የማወዳድረው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ የጀመራችሁትን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው የጻፍኩት።

ልብ ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

ልብ በኤሌክትሪክ ነው የምትመታው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ራሷን ታዘጋጃለች። በዚያች ቅጽበት ፖታሲየም ከልብ ሴሎች በጠባብ በሮች ይወጣል። አንዳንድ መድኃኒቶች ከእነዚህ በሮች አንዱን ይዘጋሉ። ዝግጅቱ ይዘገያል። ሳይጠናቀቅ ሌላ ምት ከመጣ ልብ ሥርዓቷን ልትስት ትችላለች።

ይህ መዘግየት በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ወረቀት ላይ «ኪውቲ» በሚባለው ርዝመት ይለካል። ወረቀቱን እጃችሁ ላይ ስታገኙ ትንንሾቹን ካሬዎች ተመልከቱ። በተለመደው ፍጥነት ሲታተም አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊ ሰከንድ ናት። አምስቱ ተሰብስበው አንድ ትልቅ ካሬ ይሆናሉ፤ 200 ሚሊ ሰከንድ። ኪውቲው በልብ ምት ፍጥነት ተስተካክሎ ሲሰላ ለወንድ ከ450፣ ለሴት ከ460 በታች ቢሆን ይመረጣል። 500 ሲደርስ፣ ማለትም ሁለት ተኩል ትልልቅ ካሬ ሲሞላ፣ ሐኪሞች ይደነግጣሉ፤ መደንገጣቸውም ልክ ነው። ማሽኑ ራሱ ቁጥሩን ወረቀቱ አናት ላይ ያትመዋል። አንዳንዴ ግን ይሳሳታል፤ አጠራጣሪ ሲሆን ሐኪሙ በእጁ ቢለካው ይሻላል።

የሚፈራው መዛባት «ቶርሳድ ደ ፕዋንት» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ዴሰርቴን ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ.። የጫፎች መጠማዘዝ እንደማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ማዕበሉ አንዴ ወፍሮ አንዴ ቀጥኖ፣ እንዝርት ላይ እንደሚሾር ፈትል ይጠማዘዛል። በዚያን ጊዜ ልብ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ደም አትረጭም። ሰውየው ራሱን ይስታል። በራሱ ካልቆመ ይገድላል።

አንድ ነገር ላክል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲወድቅ ሰውነቱ ሊንፈራገጥ ይችላል። ያየው ሁሉ «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል። ቤተሰብ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን አትተዉ። ግን ኢሲጂም ይነሣ። የሚወስደው መድኃኒትም ይታይ።

የማወዳድርባቸው መስፈርቶች

አንደኛው፣ መድኃኒቱ ራሱ ኪውቲን ምን ያህል ያስረዝማል? «ክሬዲብልሜድስ» የሚባል የአሜሪካ ድርጅት መድኃኒቶችን በደረጃ ከፍሎ በነጻ የሚያወጣው ዝርዝር አለ፤ አደጋቸው የታወቀ፣ አደጋቸው የሚጠረጠር፣ በተወሰነ ሁኔታ ብቻ አደገኛ የሆኑ እያለ። እኔም ሥራ ላይ የማየው እሱን ነው።

ሁለተኛው፣ ሌላውን መድኃኒት ያከማቻል ወይ? ብዙ መድኃኒት የሚወገደው በጉበት በኩል ነው። አንዱ ያንን መንገድ ከዘጋ ሌላው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ፍሬ የዋጠ ሰው ሦስትና አራት ፍሬ እንደዋጠ ይሆናል። ለእኔ ከሁሉም መስፈርት የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ማዘዣ ላይ አይታይም።

ሦስተኛው፣ የእናንተው አካል ነው። ዕድሜ ከ65 በላይ፣ ሴት መሆን፣ የልብ ድካም፣ የዘገየ የልብ ምት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር፣ ዝቅ ያለ ፖታሲየም ወይም ማግኒዚየም። በተቅማጥና በትውከት የሰነበተ ሰውም እዚህ ውስጥ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ያለ ምክንያት ራሱን የሚስት ወይም በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ረጅም ኪውቲ በዘር ይመጣል፤ ከ2,000 ሰው አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። መጠኑ ስንት ነው፣ በአፍ ነው ወይስ በደም ሥር? ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ አማራጭስ አለ? ሌላ አማራጭ ከሌለ ጥያቄው ይለወጣል፤ «ልውሰደው?» ሳይሆን «ምን እየተከታተላችሁልኝ ልውሰደው?» ይሆናል።

ለሳል፣ ለቶንሲልና ለሌላ ኢንፌክሽን

በየቀኑ መስኮቱ ላይ የምሰማው «ያቺን ሦስት ፍሬዋን ስጪኝ» የሚል ነው። አዚትሮማይሲን ማለታቸው ነው። በቀን አንዴ፣ ለሦስት ቀን። ስለምትመች ትወደዳለች።

በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት አዚትሮማይሲንን ከአሞክሲሲሊን ጋር አወዳድሮ ነበር። በአንድ ሚሊዮን የአምስት ቀን ሕክምና 47 ተጨማሪ የልብና የደም ሥር ሞት ተገኘ። ከመጀመሪያውም ለልብ ሕመም በጣም የተጋለጡት ላይ ቁጥሩ ወደ 245 ከፍ ይላል። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት በዴንማርክ ወጣትና ጎልማሳ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ጭማሪ አላገኘም። ሁለቱን አብሬ ሳያቸው የምረዳው ይህን ነው፦ ጤነኛ የ25 ዓመት ወጣት በአዚትሮማይሲን ልቡ የመጎዳት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው። የልብ ድካም ያለባቸው የ70 ዓመት እናት ግን ሌላ ሂሳብ ውስጥ ናቸው።

ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከአዚትሮማይሲን ይከብዳሉ። ኪውቲን ያስረዝማሉ፤ በዚያ ላይ የጉበቱን መንገድ ይዘጋሉ። አዚትሮማይሲን መንገዱን እምብዛም አይዘጋም። ከዚህ ቤተሰብ የግድ አንዱ ካስፈለገ እሱ የተሻለ ነው።

አሞክሲሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ሴፊክሲም፣ ዶክሲሳይክሊን ከኪውቲ አንጻር ቀላሎቹ ናቸው። የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። የፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት አሞክሲሲሊን አይሆንም። ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝና ለትናንሽ ልጆች በአብዛኛው አይሰጥም፤ በብዙ ውሃ ካልተዋጠም ጉሮሮ ያቆስላል። ለሪህ ልብ ሕመም በየወሩ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ኪውቲን አይነካም። መርፌውን በዚህ ፍርሃት እንዳታቋርጡ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሚገኝበት ቤተሰብ ከባዱ ሞክሲፍሎክሳሲን ነው፣ ሌቮፍሎክሳሲን መሐል ላይ ነው፣ ሲፕሮ ቀለል ይላል። ግን ሲፕሮ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ለተቅማጥ ነው፤ ተቅማጥ ደግሞ ፖታሲየምን ያሟጥጣል። ኦ.አር.ኤስ ሳይጠጡ ሲፕሮ ብቻ መዋጥ ግማሽ ሕክምና ነው። ለሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ከሆነ ናይትሮፉራንቶይን ሊተካው ይችላል፤ ኩላሊት ደህና ከሆነ።

ባክትሪም ስለሚባለው አንቲባዮቲክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኪውቲ ላይ ብዙ አይከብድም። ነገር ግን ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። ለግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡትን ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ አዛውንት ላይ ፖታሲየሙ ከልክ አልፎ ልብን ሊያቆም ይችላል። ፖታሲየም ሲያንስም ሲበዛም ልብ አይወድም።

ደግሞም አብዛኛው ጉንፋን አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ከሁሉም የቀለለው አማራጭ እሱ ነው፤ አለመውሰድ።

ለጨጓራ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ጨጓራ የማያመው ሰው ማግኘት ይከብዳልና።

የተለመደው የባክቴሪያ ሕክምና ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሲሲሊንና ኦሜፕራዞል ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን። ሌላ መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ጥሩ ሕክምና ነው። ዲጎክሲን፣ ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ)፣ ሲምቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ወይም የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ለሚወስድ ግን ክላሪትሮማይሲን ራስ ምታት ነው። ዋርፋሪንን ከፍ አድርጎ ደም ያፈስሳል፣ ሲምቫስታቲንን ከፍ አድርጎ ጡንቻ ይጎዳል፣ ዲጎክሲንን ከፍ አድርጎ ምት ያዛባል። እንዲህ ከሆነ ያለ ክላሪትሮማይሲን የሚሠሩ ሌሎች ጥምረቶች አሉ፤ ለምሳሌ ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ከኦሜፕራዞል ጋር። የሚዋጠው ፍሬ ብዙ ነው፤ ሜትሮኒዳዞልም ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ምርጫውን ሐኪሙ ሁሉንም ዝርዝር አይቶ ያድርገው።

ኦሜፕራዞል ለብቻው ልብን አያውክም። ግን ሰው ለሁለት ሳምንት ታዞለት ለሦስት ዓመት ይውጠዋል። በረጅም ጊዜ ማግኒዚየምን ሊያወርድ ይችላል፤ በዚህ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ከላሲክስ ጋር ሲሆን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ዓመት ያለፋችሁ ከሆነ አሁንም ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

ለማቅለሽለሹስ? ዶምፔሪዶንን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ገድቦታል፤ ለአዋቂ 10 ሚ.ግ. በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ከአንድ ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም። እዚህ ግን ለወራት የሚውጡት ሰዎች አውቃለሁ። ኦንዳንሴትሮንም ኪውቲን ያስረዝማል፤ በተለይ በደም ሥር በብዛት ሲሰጥ። ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ከኪውቲ አንጻር ከሁለቱ ይቀላል። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ወጣቶች ላይ በተለይ አንገት ያጣምማል፣ መንጋጋ ያስራል፤ የአውሮፓው ተቆጣጣሪ ከ5 ቀን እንዳያልፍ መክሯል። እኔ ብጠየቅ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ፕላሲልን ለአጭር ቀን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ግን የማቅለሽለሹ ምንጭ ይፈለግ። ዲጎክሲን ራሱ ሲበዛ የምግብ ፍላጎት ያጠፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ይታያል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ሲያቅለሸልሸው የማቅለሽለሽ ኪኒን ከመጨመር በፊት ደሙ ይታይ።

ለአእምሮና ለእንቅልፍ

የድብርት ሕክምና የጀመራችሁ አትደንግጡ። ድብርትም ይገድላል። ምርጫ ግን አለ።

ሲታሎፕራም በመጠኑ ልክ ኪውቲን ያስረዝማል። አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ40 ሚ.ግ. እንዳያልፍ፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ከ20 ሚ.ግ. እንዳያልፍ ወስናለች። ኤሲታሎፕራም ቅርብ ዘመዱ ነው። ሰርትራሊን የተሻለ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር ተሞክሮ በ2002 እ.ኤ.አ. ጥሩ ውጤት ታትሞለታል። ፍሉኦክሴቲን ርካሽና የተለመደ ነው፤ ካቆማችሁ በኋላ ግን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል፣ የሌሎችን መድኃኒት መውጫም ይዘጋል። አሚትሪፕቲሊንን ሰው ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም እንደ ቀላል ነገር ይቀባበለዋል። ቀላል አይደለም። በብዛት ከተዋጠ ልብን ከሚያቆሙት አንዱ ነው። ልጆች ካሉበት ቤት ቆልፋችሁ አስቀምጡት።

ለከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ኪውቲን ያስረዝማሉ፤ ሃሎፔሪዶል በደም ሥር ሲሰጥ ይብሳል። ኦላንዛፒን ቀለል ይላል፣ አሪፒፕራዞል ከዚያም ይቀላል። ኦላንዛፒን ግን ያወፍራል፣ ስኳር ይጨምራል። ታማሚው በሃሎፔሪዶል ተረጋግቶ ከሆነ ኢሲጂ እየታየ ይቀጥል ማለት ብዙ ጊዜ ከመቀየር ይሻላል።

ለወባ፣ ለፈንገስና ለአለርጂ

አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት ወባ እዚህ እምብዛም አይነሣም። ግን ሰው ከመተማ፣ ከጋምቤላ፣ ከአርባ ምንጭ ይዞት ይመጣል። ኮአርተም ኪውቲን በጥቂቱ ነው የሚነካው፤ ከምግብ ጋር፣ ትንሽ ቅባት ካለው ጋር ይወሰዳል። ክሎሮኪን ከሱ ይከብዳል። ኪኒን የሚባለው ጥንታዊው መድኃኒት፣ ኩዊኒን፣ ልብንም ስኳርንም ያውካል። ለከባድ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት ኩዊኒንን የተካው ያለ ምክንያት አይደለም። ዞሮ ዞሮ ወባ ራሱ ቶሎ ይገድላል። ኪውቲን ፈርቶ ወባን ሳይታከሙ ማደር የባሰ ስህተት ነው።

ፍሉኮናዞል ኪውቲንም ያስረዝማል፣ የጉበት መንገድንም ይዘጋል። ለቆዳ ወይም ለማሕፀን በር አካባቢ ፈንገስ ከሆነ ክሎትሪማዞል በቅባት ወይም ወደ ብልት ውስጥ በሚገባ ኪኒን ይበቃል፤ ወደ ደም እምብዛም አይገባም።

ለአለርጂ ሎራታዲንና ሴቲሪዚን በተለመደው መጠን ደህና ናቸው። በፊት ቴርፈናዲንና አስቴሚዞል የሚባሉ ነበሩ፤ በዚሁ የልብ ጣጣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጡ። ሲሳፕራይድ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒትም በ2000 እ.ኤ.አ. ተከተላቸው።

ምርጫ በሌለበት

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው «ይቀየርልኝ» ማለት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የመከረው የስድስት ወር ሕክምና ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲንን ይዟል። ሁለቱም ኪውቲን ያስረዝማሉ። ቤዳኩዊሊን ካቆሙትም በኋላ ለወራት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ድሮ ግን ይህ በሽታ ሁለት ዓመት ገደማ ያስታምም ነበር፣ መርፌውም ጆሮ ያደነቁር ነበር። ስለዚህ ይወሰዳል፤ ኢሲጂው በቀጠሮ ሳይዘለል ይነሣል። ከሱ ጋር ሌላ መድኃኒት፣ «ያቺን ሦስት ፍሬ» እንኳ፣ ሳይጠየቅ አይጨመርም።

የልብ ምት ማስተካከያዎቹ አሚዮዳሮንና ሶታሎልም እንዲሁ ናቸው። ልብ የሚያክሙት ራሳቸው ኪውቲን ያስረዝማሉ። ሐኪሙ ይህን አውቆ ነው የሚሰጠው። እናንተ ሌላውን ከመጨመር ተቆጠቡ።

በአንድ እይታ

| ለምን | ጥንቃቄ የሚሻው | ለልብ ምት ቀለል ያለው | የቀላሉ ጉድለት |
|---|---|---|---|
| ቶንሲል፣ ሳንባ | ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ከዚያ አዚትሮማይሲን | አሞክሲሲሊን፣ ሴፊክሲም፣ ዶክሲሳይክሊን | አለርጂ፤ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝ አይሆንም |
| የሽንት ፊኛ | ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሲፕሮ | ናይትሮፉራንቶይን | ኩላሊት ለደከመ አይሠራም |
| የጨጓራ ባክቴሪያ | ክላሪትሮማይሲን ያለበት | ቢስሙዝ ያለበት ጥምረት | ብዙ ፍሬ፤ ከዋርፋሪን ጋር ክትትል |
| ማቅለሽለሽ | ዶምፔሪዶን፣ ኦንዳንሴትሮን | ፕላሲል ለአጭር ቀን | አንገትና መንጋጋ ያጣምማል |
| ድብርት | ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራም፣ አሚትሪፕቲሊን | ሰርትራሊን | መጀመሪያ ሆድ ይረብሻል |
| ከባድ የአእምሮ ሕመም | ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን | አሪፒፕራዞል፣ ኦላንዛፒን | ኦላንዛፒን ክብደትና ስኳር ይጨምራል |
| ፈንገስ | ፍሉኮናዞል | ክሎትሪማዞል ቅባት | ውስጥ ለገባ ፈንገስ አይበቃም |
| ከባድ ወባ | ኩዊኒን | አርቴሱኔት | በመርፌ ነው፤ ተቋም ይፈልጋል |

ለእናንተ የቱ?

ወጣት ከሆናችሁ፣ ልባችሁ ጤነኛ ከሆነና ሌላ መድኃኒት ከሌላችሁ፣ ከሠንጠረዡ «ጥንቃቄ የሚሻው» ከሚለው ዓምድ አንዱ ለጥቂት ቀን ቢታዘዝላችሁ አትሸበሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዘዙ ግን ጠይቁ።

ላሲክስ፣ ዲጎክሲን ወይም የግፊት መድኃኒቱን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱ ከሆነ አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ፖታሲየም አስለኩ። ሙዝ፣ ድንችና አቮካዶ ፖታሲየም አላቸው፤ በጣም ዝቅ ያለውን ግን ምግብ ብቻ አይመልሰውም። የፖታሲየም ኪኒንም በግምት አይጀመርም።

ከ65 በላይ የሆኑ ወላጆች ካሏችሁ ኢሲጂ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወረቀቱ ቤት ይቀመጥ። አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የሚነሣው ከሱ ጋር ይነጻጸራል። ማነጻጸሪያ የሌለው ኢሲጂ ግማሹን ነው የሚናገረው።

ብር ላጠረው ሰው ምክሬ ይህ ነው። ኢሲጂ፣ የደም ምርመራ፣ አዲስ መድኃኒት ሁሉንም ባንዴ ማድረግ ላይቻል ይችላል። መጀመሪያ መድኃኒቱ ከቀላሉ ወገን ይቀየርልኝ ብላችሁ ጠይቁ። አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ክሎትሪማዞል ውድ አይደሉም። ተቀይሮ የተገኘ ቀላል መድኃኒት የኢሲጂውን ወጪ ሊያስቀርላችሁ ይችላል። መቀየር ካልተቻለ ግን ገንዘቡን ለኢሲጂ አውጡት፤ የጤና መድን ካርድ ካላችሁ በመድኑ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ።

በቤተሰብ ድንገተኛ ሞት ካለ አትደራደሩ። መጀመሪያ ኢሲጂ፣ ከዚያ መድኃኒት።

መድኃኒት ጀምራችሁ ልባችሁ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ዓይናችሁ ላይ ጨለማ ከመጣ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። የመድኃኒቱን እሽግ ይዛችሁ ሂዱ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ያንን እሽግ ካየ ማግኒዚየም በደም ሥር መስጠት ያስፈልግ እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው በ8482 አሳውቁ፤ ነጻ መስመር ነው።

ለእኚያ እናት ያን ቀን በአንድ ወረቀት ጻፍኩላቸው። የሚወስዱትን ሁሉ በአማርኛ፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን። ከታች «አዲስ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያንብቡ» አልኩበት። አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ቋጠሮውን ፈትተው ወረቀቱን ሰጡኝ። ከታች በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል። አሚትሪፕቲሊን፣ ማታ ማታ።

«ይሄኛውን ሳልነግርሽ ቀርቼ» አሉ። «ጎረቤቴ ናት ለእንቅልፍ የምትሰጠኝ። የልጅ ልጄ ናት ጻፊው ስላት የጻፈችው። መድኃኒት አልመሰለኝም ነበር።»

እንደገና ስልኩን አነሣሁ።